ሞተርና ፕሮፔለር ሲጣመሩ

በአሜሪካ አንድ ሰው በጋራዡ ዓመታት ፈጅቶ የሠራው አውሮፕላን በመንግሥት ተመርምሮ የመብረር ፈቃድ ሲያገኝ፣ ከፈቃዱ ጋር አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 25 ወይም 40። ቁጥሩ የሰዓት ነው። ያን ያህል ሰዓት በቀን ብርሃን፣ ሕዝብ ከሚበዛበት አካባቢ ርቆ፣ በተከለለለት ቀጠና ውስጥ ብቻ መብረር አለበት። መንገደኛ አያሳፍርም። አብራው መከራ ያየችው ባለቤቱ እንኳ ከሜዳው ዳር ቆማ ነው የምታየው። በ25 እና በ40 መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው የክንፉ ቅርጽ ወይም የአብራሪው ልምድ አይደለም። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አንድ ላይ ሆነው የመንግሥት ማረጋገጫ አላቸው ወይስ የላቸውም? ካላቸው 25፣ ከሌላቸው 40።

ይህ አሠራር ለረጅም ጊዜ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለተኛ መንገድ ተከፈተለት። የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ 90-89ሲ በተባለው የተሻሻለ የሙከራ በረራ መመሪያው፣ ሠሪው ከፈለገ ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ሥራ እንዲቆጥር ፈቀደ። በዕቅድ የተዘረዘሩትን ሙከራዎች አንድ በአንድ አከናውኖ ውጤቱን መዝግቦ ሲጨርስ፣ የመጀመሪያው የሙከራ ምዕራፍ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ይህ ለውጥ ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሰዓቱን ጨርሶ መጣል አደጋ አለው፤ ያም ቦታ ማረጋገጫ የሌለው የሞተርና የፕሮፔለር ጥምረት ነው።

መጀመሪያ ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። ቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች በአሜሪካ የራሳቸውን የፈቃድ ክፍል ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከዚያ በፊት ጆርጅ ቦጋርደስ የተባለ የኦሪገን ሰው «ሊትል ጂ ቢ» የተባለች ትንሽ አውሮፕላኑን በ1947 ከምዕራቡ ጠረፍ እስከ ዋሽንግተን አብርሮ፣ ሰው በገዛ እጁ የሠራው ነገር አገር እንደሚያቋርጥ ለባለሥልጣናቱ በዓይናቸው አሳይቷል። ያች አውሮፕላን ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ትገኛለች። ክፍሉ ከተፈቀደ በኋላ የመጣው የበረራ ደንብ፣ ቁጥሩ 91.319 የሆነው፣ ከሙከራ ቀጠናው ለመውጣት ሁለት ነገር እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። አንደኛ፣ አውሮፕላኑ በሚበርባቸው ፍጥነቶች ሁሉና በሚሠራቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ ለአብራሪው እንደሚታዘዝ፤ ሁለተኛ፣ አደገኛ ጠባይ ወይም አደገኛ አሠራር እንደሌለበት። ልብ በሉ፤ ይህ አንቀጽ 25 አይልም፣ 40 አይልም። ሕጉ የጠየቀው ዕውቀት ነው። ሰዓቱ የመጣው ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ተጽፎ በሚሰጠው የአጠቃቀም ገደብ በኩል ነው፤ ዕውቀቱ መገኘቱን ለማመን የተመረጠ መስፈሪያ ማለት ነው።

ታዲያ መስፈሪያው በሞተርና በፕሮፔለር ላይ የተንጠለጠለው ለምንድን ነው? ነገሩ እዚህ ጋ ስለሚጠልቅ ትንሽ እንቆይበት።

መኪና ውስጥ ያለ ሞተር ኃይሉን ለጎማ የሚያደርሰው በክላችና በማርሽ በኩል ነው፤ ፍንዳታው የሚፈጥረው ምት በመንገድ ላይ ይለሰልሳል። በአብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ግን ፕሮፔለሩ የታሰረው በቀጥታ በክራንክ ሻፍቱ አፍ ላይ በቡሎን ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈነዳል። በደቂቃ 2400 ዙር ሲዞር በሰከንድ 80 ምት ማለት ነው። እያንዳንዷ ምት ክራንክ ሻፍቱን ትጠመዝዛለች፣ ጥምዘዛው ወደ ፕሮፔለሩ ይሄዳል፣ ፕሮፔለሩም መልሶ ይገፋል። የፕሮፔለር ቅጠል ደግሞ ግትር ቢመስልም ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ እንደ ክራር ክር የራሱ የንዝረት ልክ አለው። ልጅን ዥዋዥዌ የገፋ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ትንሽ ግፊት በትክክለኛው ቅጽበት በተደጋገመ ቁጥር ልጁ ከፍ እያለ ይሄዳል። የሞተሩ ምትና የቅጠሉ ንዝረት እንዲህ ከተገጣጠሙ፣ አብራሪው እጁ ላይ ምንም ሳይሰማው ብረቱ ውስጥ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል።

ስለዚህ ነው «ሞተሩ የታወቀ ነው፣ ፕሮፔለሩም የታወቀ ነው» ማለት የማይበቃው። ሁለት ጨዋ ልጆች ስለተጋቡ ትዳሩ ሰመረ አይባልም፤ የሁለቱ ጠባይ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኝ ነው የሚታየው። አምራቾች ማረጋገጫ ለማግኘት የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ በቅጠሉ ላይ ስስ የውጥረት መለኪያዎች ለጥፈው፣ ሞተሩን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ዙር አስነሥተው፣ በየትኛው ዙር ላይ ብረቱ እንደሚጨነቅ ያነባሉ። አንዳንዴ ውጤቱ «ሁሉም ደህና ነው» አይሆንም። በ180 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ሞተርና በሃርትዜል ፕሮፔለር የሚበሩ አንዳንድ አውሮፕላኖች በ2000 እና በ2250 ዙር መካከል ረግተው እንዳይቆዩ ተከልክለዋል። አብራሪው ያንን ክልል ማለፍ ይችላል፣ ማረፍ ግን አይችልም። ይህን ክልከላ የወለደው ልኬት ነው። ያ ልኬት ባይደረግ ኖሮ አብራሪው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ እዚያው ዙር ላይ ሰዓታት ሊቀመጥ ይችል ነበር።

ሠሪው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ልኬት በእጁ የለውም። ከታወቀው ሞተር ላይ ማግኔቶውን አውርዶ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ሲገጥም፣ ወይም ጭመቃው ከፍ ያለ ፒስተን ሲያስገባ፣ ስሙ ያው ላይካሚንግ ይሁን እንጂ የምቱ ጥንካሬ ተለውጧል፤ አምራቹ የለካው ያኛውን ነው እንጂ ይህኛውን አይደለም። የኦስትሪያው ሮታክስ 912 ሌላ ዓይነት ምሳሌ ነው። 912ኤስ እና 912ዩኤልኤስ ሁለቱም 100 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ ሁለቱም እስከ 5800 ዙር የሚሄዱ፣ ሁለቱም ዙሩን በማርሽ 2.43 ጊዜ ቀንሰው ለፕሮፔለር የሚሰጡ ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው የአቪዬሽን ማረጋገጫ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። ሁለተኛውን የገጠመ ሰው ሰዓት ልቁጠር ካለ 40 ይቆጥራል። ይህ ብዙ ሠሪዎችን ያስቆጫል፣ ቁጭታቸውም ይገባኛል። ግን ለመርማሪው በእጁ ያለው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ደግሞ ስለ ብረቱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ስለ አመራረቱ ቁጥጥርም ነው።

ከመኪና የተወሰዱ ሞተሮች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከሸቭሮሌ ኮርቬር መኪና የተወሰደው ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር በብዙ ሠሪዎች ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ግን በበረራ ላይ ክራንክ ሻፍታቸው የተሰነጠቀና የተሰበረ ሞተሮች ታዩ። ክራንክ ሻፍቱ ሲነደፍ ከፊቱ የሚወዛወዝ ፕሮፔለር ይታሰርበታል ተብሎ አልታሰበም። ባለሙያዎቹ መልስ ያገኙለት የብረቱን ገጽ በናይትሮጅን በማጠንከርና በፕሮፔለሩ በኩል አምስተኛ ኩሽኔታ በመጨመር ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት በአንድ ምት የሚመጣ አይደለም፤ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት የሚከማች የብረት ድካም ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ድክመት። አንድ ሠሪ 40 ሰዓት ሲሰጠው በሐሳቡ የሚመጣው መማር ሳይሆን መጨረስ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ይነሣል፣ በተከለለው ቀጠና ውስጥ ቀጥ ብሎ ይበርራል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ 1.5 ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይደግማል። 40 ሲሞላ አውሮፕላኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ከኋላ ጭነት ሲበዛበት እንዴት እንደሚታዘዝ፣ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ላያውቅ ይችላል። የከፋውም አለ፤ በአየር ላይ ሳይሆን በብዕር የሚበረር ሰዓት። ደንቡ የሚለው ግን በመጨረሻው ቀን ሠሪው በመዝገቡ ላይ ፈርሞ፣ አውሮፕላኑ በፍጥነቶቹ ሁሉ እንደሚታዘዝና አደገኛ ጠባይ እንደሌለው እንዲያረጋግጥ፣ የትኛው ፍጥነት ላይ ክንፉ ማንሣት እንደሚያቆምና በየትኛው ፍጥነት በተሻለ እንደሚወጣ በቁጥር እንዲያሰፍር ነው። ያልለካውን ቁጥር የሚጽፍ ሰው ከሌላ አውሮፕላን መመሪያ ገልብጦ ይጽፋል። በኋላ አውሮፕላኑን የሚገዛው ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ይነሣል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት ይህን ፍርሃት በቁጥር አስደግፎታል። ቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች ከአጠቃላይ አቪዬሽን አውሮፕላኖች 10 በመቶ ገደማ ቢሆኑም፣ በ2011 ከደረሱት አደጋዎች 15 በመቶ ያህሉ፣ ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ደግሞ 21 በመቶው የእነሱ ነበሩ። ጎልተው የወጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ የሞተር ክፍሎች ብልሽትና በአየር ላይ ቁጥጥርን ማጣት። አደጋው የሚበዛውም በአውሮፕላኑ የመጀመሪያ ሰዓታትና አዲስ ባለቤት በሚይዘው የመጀመሪያ በረራዎች ላይ መሆኑ ተስተውሏል። ቦርዱ ካሳሰባቸው ነገሮች አንዱ የነዳጅ መስመሩ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ተፈትኖ ውጤቱ በሰነድ እንዲያዝ ነው።

የነዳጅ ፈተናው ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንይ፤ ሥራ መቁጠር ከሰዓት መቁጠር የሚበልጠው ለምን እንደሆነ በደንብ ይታያል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ በጣውላ ተደግፎ ወይም ጅራቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ሲወጣ የሚኖረውን ያህል ሽቅብ ይቀናል። የነዳጁ ቱቦ ከካርቡራቶሩ ላይ ይፈታና አፉ ወደ ባልዲ ይደረጋል። በታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ ክፉው ሁኔታ ያ ስለሆነ። አንዱ ቱቦውን ይከፍታል፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። ነዳጁ በራሱ ክብደት ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ከሚፈልገው 150 በመቶ፣ በፓምፕ የሚገፋ ከሆነ 125 በመቶ መፍሰስ አለበት። ባልዲው ይመዘናል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፣ ከመሬትም አይነሣም። ሆኖም ሳይሠራ የቀረ ሰው ቱቦው ውስጥ የቀረች አንዲት የማሸጊያ ቁራጭ መኖሯን የሚያውቀው ከዛፎች በላይ ሞተሩ ሲጠፋ ነው።

አዲሱ መንገድ የሚያስገድደው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። የፍጥነት መለኪያው እውነት ይናገር አይናገር ይፈተናል፤ የሞተሩ ሙቀት በረጅም አቀበት ይታያል፤ ክብደቱ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየተገፋ መሪው ይለካል፤ የሞተሩ ኃይል ተቀንሶ አውሮፕላኑ ምን ያህል ርቀት እንደሚንሸራተት ይታወቃል። ሁሉም ሲያልቅ ሠሪው በእጁ የሚቀረው ለዚያች አንዲት አውሮፕላን ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ አውሮፕላኖች፣ ልምድ ያለው ሁለተኛ አብራሪ በሙከራው ወቅት አብሮ እንዲገባ ተፈቅዷል። ብቻውን ይጋፈጥ ለነበረ ሠሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እዚህ ድረስ ከኤፍኤኤ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የብረት ድካም ግን አሁን ይመጣል። የሥራ ዝርዝሩ የአውሮፕላኑን ጠባይ ይመረምራል፤ ጠባይ ደግሞ በአንድ በረራ ይታያል። ድካም በአንድ በረራ አይታይም። ቀላል ስሌት እንሥራ። በሰከንድ 80 ምት በሰዓት 288,000 ምት ነው። በ25 ሰዓት 7.2 ሚሊዮን፣ በ40 ሰዓት 11.5 ሚሊዮን ይሆናል። መሐንዲሶች ስቲል ይችላል አይችልም ሲሉ በላቦራቶሪ የሚያስቆጥሩት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ዙር ነው፤ እስከዚያ ካልተሰበረ በዚያ ጭነት አይሰበርም ብለው ብዙውን ጊዜ ይቀበሉታል። የ40 ሰዓቱ ደንብ ይህን አስልቶ የተጻፈ ነው አልልም። ሆኖም ደንቡ በዚህ በኩል አንድ ነገር እየሰጠን ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስንጥቅ፣ ቀስ ብሎ የሚላላ ቡሎን፣ ቀስ ብሎ የሚላጥ ማሰሪያ፣ ሰው ሳይሳፈር ራሱን የሚያሳይበት ጊዜ። የዝርዝሩን ሥራዎች በ18 ወይም በ20 ሰዓት የሚጨርስ ጎበዝ አብራሪ ያንን ጊዜ በግማሽ ይቆርጠዋል። በላይካሚንግና በተለካ ፕሮፔለር ከሆነ ችግር የለውም፤ ድካሙን አምራቹ አስቀድሞ መርምሮታል። ከመኪና በወጣ ሞተርና ማንም አብሮ ባልለካው ፕሮፔለር ከሆነ ግን ያንን ምርመራ ያደረገ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ጥንቃቄ ላክል፦ አሉሚኒየም እንደ ስቲል «ከዚህ በታች አይሰበርም» የሚባል ወለል የለውም፤ በዝቅተኛ ጭነትም ቢሆን ምቱ ከበዛ አንድ ቀን ይደክማል። ስለዚህ ለአሉሚኒየም ፕሮፔለር 40 ሰዓትም ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ሰዓቱ ዋጋ የሚኖረው በመካከሉ ዓይንና እጅ ሲጨመርበት ነው። የእንጨት ፕሮፔለር ንዝረትን በመዋጥ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ ቡሎኑ የያዘው ኃይል አብሮ ይለዋወጣል። ጠንቃቃ ሠሪ በመጀመሪያው በረራ ማግስት የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን መፍቻ ይዞ ስድስቱንም ቡሎኖች በተራ ይነካል፤ ካጠበቀ በኋላ በቡሎኑ ራስና በፕሮፔለሩ መካከል ቀጭን የቀይ ቀለም መስመር ያሰምራል። በሚቀጥለው ጠዋት መስመሩ ተሰብሮ ካየ፣ ቡሎኑ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያን ቀን አይነሣም።

ደንቡ ውስጥ አንድ ሌላ ክፍተትም አለ፤ እስከማውቀው ብዙም አይወራበትም። የሙከራ ምዕራፉን የጨረሰ ሰው በኋላ ዋና ለውጥ ካደረገ፣ ለምሳሌ ፕሮፔለሩን በሌላ ዓይነት ከተካ፣ ለኤፍኤኤ አሳውቆ እንደገና ወደ ሙከራ ይገባል። የሚጠየቀው ግን ቢያንስ 5 ሰዓት ነው። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች አስቡ። አንዱ ገና ከጅምሩ ማረጋገጫ የሌለውን የሞተርና የፕሮፔለር ጥምረት መረጠ፣ 40 ተሰጠው። ሌላው በተረጋገጠው ጥምረት 25 ጨርሶ፣ በወሩ ፕሮፔለሩን ፈትቶ የጎረቤቱን ዓይነት ገጠመ፣ 5 ጨመረ። በ30 ሰዓት ያው ጥምረት ላይ ደረሰ፤ በአዲሱ ጥምረት የበረረው 5 ብቻ ነው። ብረቱ ስለ ወረቀቱ ቅደም ተከተል አያውቅም። 40 ሰዓት አስፈላጊ ከሆነ ለሁለቱም ነው፤ 5 በቂ ከሆነም ለሁለቱም ነው። በእኔ አስተያየት ሞተር ወይም ፕሮፔለር በሚለወጥበት ጊዜ ቢያንስ የሞተር ክፍሉን የሚመለከተው የሙከራ ዝርዝር ከመጀመሪያው እንዲደገም መጠየቅ ነበረበት።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሱሉልታ ላይ በገዛ እጃቸው የሠሯትን ኬ-570ኤ ለማስነሣት ሲሞክሩ አገር አይቷል። ኬ ከእናታቸው ከኪሮስ ስም የተወሰደ ነው፤ 570 ሥራው የፈጀባቸው ቀን ነው። ሞተሩ ከቮልስዋገን መኪና የተወሰደ ነበር። የዚያን ቀን ሙከራ አልተሳካም፤ ድፍረቱና ልፋቱ ግን ክብር ይገባዋል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የመኪና ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ቀጭን ነው። በባሕር ዳርቻ የሚስማማ የሞተርና የፕሮፔለር ጥምረት በእኛ ደጋ ላይስማማ ይችላል። ለወደፊት በአገራችን ለቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች ደንብ የሚያወጣ ሰው የአሜሪካን 25 እና 40 እንዳለ ቢገለብጥ ከፍታውን ይስታል።

እንዲህ ቢሆን እላለሁ። የተረጋገጠ ጥምረት ያለው ሰው በሥራ ዝርዝሩ ይሂድ፣ ሲጨርስ ይጨርስ። ያልተረጋገጠ ጥምረት የያዘ ሰው ዝርዝሩንም ይሥራ፣ ሰዓቱንም ይሙላ፤ በየ10 ሰዓቱ ፕሮፔለሩ ወርዶ የክራንክ ሻፍቱ አፍ፣ ቡሎኖቹና ቀዳዳዎቻቸው በማጉያ መነጽር ይታዩ፤ ያየው ነገር ባዶም ቢሆን ይጻፍ። አሥር ሰዓት የእኔ ግምት ነው፤ ባለሙያ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ሰዓቱ ትርጉም የሚኖረው በመካከሉ ሰው ቆሞ ካየ ነው።

በአሜሪካ ወይም በሌላ አገር ሆናችሁ ያገለገለ ቤት ሠራሽ አውሮፕላን ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት የሞተሩንና የአውሮፕላኑን መዝገብ ጠይቁ። የመጀመሪያውን የሙከራ ምዕራፍ መዝጊያ ፊርማ ፈልጋችሁ አግኙ። ያን ቀን የታሰረው ሞተርና ፕሮፔለር ዛሬ ፊታችሁ ያለው መሆኑን በመለያ ቁጥራቸው አመሳክሩ። ካልሆነ፣ ከለውጡ በኋላ ስንት ሰዓት በምን ዓይነት ሙከራ እንደተበረረ ሻጩን ጠይቁት። መልሱ በመዝገቡ ላይ ካልተጻፈ፣ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።